አረንጓዴው ካቢኔት ወጥ ቤቴን አጨለመብኝ፤ ላስነቅለው?

«የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት ዕቁብ ሲደርሰኝ ለረጅም ጊዜ ስመኘው የቆየሁትን የኪችን ካቢኔት አሠራሁ። ቀለሙን የመረጥኩት ስልኬ ላይ ካየሁት ፎቶ ሲሆን፣ የወይራ ቅጠል የሚመስል ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው። አናጺው ሥራውን በደንብ ሠርቶታል፤ ተገጥሞ ሳየው ግን እንደ ፎቶው አልሆነልኝም። ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው። ያለችው አንዲት መስኮት የምትከፈተው ወደ ጋራ መተላለፊያው ነው። ግድግዳው ነጭ፣ የመሥሪያው ጠረጴዛ ጥቁር ግራናይት ነው፤ አምፖሉም ኮርኒሱ መሀል ያለ አንድ ነጭ አምፖል ነው። እናቴ አይተውት ‹ልጄ፣ የድሮ ቀበሌ በር መሰለ እኮ› አሉኝ። ባለቤቴ በነጭ ቀለም እናስቀባው ይላል። እኔ ቀለሙን እወደዋለሁ፤ ግን በገባሁ ቁጥር ቅር ይለኛል። አስነቅዬ በሌላ ልተካው? ካልሆነስ ግድግዳውን፣ ሴራሚኩንና እጀታውን በምን ላስማማው?» — ሰ. መ.፣ ከልደታ

የተከበሩ ወይዘሮ ሰ. መ.፣

ካቢኔቱን አያስነቅሉት፤ በነጭም አያስቀቡት። ይህን የምልዎት ለዕቁብ ገንዘብዎ በመሳሳት ብቻ አይደለም። ደብዳቤዎን ደጋግሜ ሳነበው ጥፋቱ የአረንጓዴው ሆኖ አላገኘሁትም፤ ጥፋቱ በዙሪያው ያሉት ነገሮች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የብርሃኑ ነው። ቀለሙን እንደሚወዱት እርስዎ ራስዎ ጽፈዋል። ሲገቡ ቅር የሚልዎት ያ የወደዱት ቀለም በቤትዎ ውስጥ በትክክል ስለማይታይዎት ይመስለኛል።

ቀለም ብቻውን ቆሞ አይታይም። በፓሪስ የጎብላን የስጋጃ ፋብሪካ የማቅለሚያ ክፍሉን ይመራ የነበረው ኬሚስት ሚሼል ኦዤን ሼቭረል፣ የፋብሪካው ጥቁር ክር ጥቁረቱ ደካማ ነው የሚል አቤቱታ ቀርቦለት ነበር። ክሩን ከሌላ ቦታ ከመጡ ጥቁር ክሮች ጋር እያስተያየ ሲመረምረው እንከን አጣበት። በመጨረሻ የደረሰበት ነገር ክሩን ያደከሙት ከጎኑ የተሸመኑት ቀለሞች መሆናቸውን ነው፤ ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተመው ሥራ በሰፊው አብራርቶታል። የእርስዎም አረንጓዴ ያለበት ሁኔታ ከዚያ ክር ጋር አንድ ነው። ቀዝቃዛ ነጭ ግድግዳ በአንድ ወገን፣ ጥቁር ድንጋይ በሌላ ወገን ይዘውታል፤ ከላይ ደግሞ ሰማያዊነት ያለው ብርሃን ይወርድበታል። በዚህ ሁሉ መካከል የወይራ ቅጠል ለምለምነቱን አጥቶ ወደ አመድማነት ቢያዘነብል አይገርምም።

ስለዚህ ምክሬን ከብርሃን እጀምራለሁ፤ ከሌላው ሁሉ ይልቅም እዚህ ላይ እቆያለሁ።

በመጀመሪያ መስኮትዎ ወደየት እንደሚመለከት ይዩ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ወገን አታልፍም። ከሚያዝያ ወር የመጀመሪያ ሳምንታት አንሥቶ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ድረስ በሰሜን በኩል ዘንበል ብላ ታልፋለች፤ በቀረው ጊዜ፣ በተለይም ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ከዚህ የተነሳ ወደ ሰሜን የሚመለከት ወጥ ቤት በከተማችን ይጎዳል፤ ፀሐይዋ ወደ እሱ በምትዞርበት ወቅት አብዛኛውን ጊዜ ሰማዩ በክረምት ደመና ይሸፈናል፣ በጋው ጠርቶ ሲወጣ ደግሞ ፀሐይዋ ለሳሎን ወይም ለመኝታ ቤቱ ትሆናለች። ወደ ደቡብ የሚመለከት ከሆነ በበጋው ጥሩ ብርሃን ያገኛል። የእርስዎ መስኮት ግን ወደየትም ቢዞር በመጀመሪያ የሚያገኘው የመተላለፊያውን ጣሪያና መከታ ነው፤ ወደ ወጥ ቤቱ የሚደርሰው ብርሃን ከሲሚንቶ ላይ ተንጸባርቆ የመጣ ደብዛዛ ብርሃን ነው ማለት ነው። በስልክዎ ላይ ያዩት ፎቶ ውስጥ ምናልባት ግድግዳውን ግማሽ የሚሸፍን መስኮት ነበረ። ቀለሙን ሲመርጡ መስኮቱንም አብረው የመረጡት መስሎዎት ከሆነ በዚህ የሚወቀስ ሰው የለም፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናየው።

መተላለፊያውን ማፍረስ አይቻልም። አምፖሉን መቀየር ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። በየሱቁ «ነጭ» እየተባለ የሚሸጠው የኤልኢዲ አምፖል አብዛኛውን ጊዜ 6500 ኬልቪን ነው፤ ቁጥሩ በካርቶኑ ወይም በአምፖሉ አንገት ላይ ይጻፋል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። የወይራ ቅጠል አረንጓዴ በውስጡ ብዙ ቢጫ፣ ጥቂትም ቡናማ ስላለው፣ ሰማያዊነት የሚበዛበት ብርሃን ይህን ሙቀቱን ይበላበታል። በአንጻሩ 2700 ኬልቪን የሆነው ቢጫ አምፖል ለሳሎን ቢያምርም አረንጓዴውን ወደ ጭቃ ቀለም ይወስደዋል። እኔ ለእርስዎ የምመርጠው 4000 ኬልቪን ነው። ይህን ካጡ 3000 ይግዙ፤ 6500 ግን ወጥ ቤትዎ ውስጥ አይቅር። ሌላም የሚያዩት ቁጥር አለ፤ አምፖሉ ቀለምን ምን ያህል በታማኝነት እንደሚያሳይ የሚለካው ሲአርአይ የተባለው ቁጥር ነው። ከ100 የሚታሰብ ሲሆን 80 የተለመደ ነው፤ 90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ካገኙ ጥቂት ጨምረው ቢገዙ አይቆጩም። የወጡ መልክ፣ የሥጋው ትኩስነት፣ የቃሪያው ልምላሜ ሁሉ በእሱ ይታወቃል።

ቀጥሎ የአምፖሉ ቦታ ነው። ኮርኒሱ መሀል ያለ አንድ አምፖል ሁልጊዜ ከጀርባችን ያበራል። ሽንኩርት ስንከትፍ የገዛ ጥላችን መክተፊያው ላይ ይተኛል፤ ከላይኛው ካቢኔት በታች ያለው ቦታ፣ ማለትም ሥራው ሁሉ የሚሠራበት ቦታ፣ ከቤቱ ሁሉ ጨለማው ይሆናል። የወጥ ቤትዎ ጨለማ የተሰማዎት እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ዓይንዎ ቀኑን ሙሉ የሚያርፈው እዚያ ነው። ከላይኛው ካቢኔት ሥር፣ ወደ ፊተኛው ጠርዝ ተጠግቶ፣ የሚለጠፍ የኤልኢዲ መብራት በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያስገጥሙ። በ12 ቮልት የሚሠራው ዓይነት የራሱ ትራንስፎርመር አለው፤ ትራንስፎርመሩ ከሲንኩም ከምድጃውም ርቆ፣ አየር በሚያገኝበት ካቢኔት ላይ ይቀመጥ። ኬልቪኑ ከኮርኒሱ አምፖል ጋር አንድ ይሁን፤ ሁለት ዓይነት ብርሃን በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲጋጭ አረንጓዴው ከላይ አንድ ቀለም፣ ከታች ሌላ ቀለም ይሆንብዎታል። ይህ ሲደረግ ጥቁሩ ግራናይት ራሱ ይጠቅምዎታል፤ ከፊቱ ላይ ዕቃ ከተነሳለት የተወለወለ ድንጋይ ብርሃኑን መልሶ ወደ በሮቹ ይወረውረዋልና። ግራናይቱን ስለመቀየር አያስቡ።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ። እዚህ ላይ ከራሴ የደረሰብኝን ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት የራሴን ወጥ ቤት አረንጓዴ ካስደረግሁ በኋላ ግድግዳውን ከጥፍር በማትበልጥ ናሙና አይቼ ነጭ አስቀባሁት። ቀለሙ በደረቀ ማግስት ጠዋት ስገባ ነጩ ነጭ አልነበረም፤ ከካቢኔቱ አጠገብ ያለው ክፍል ሁሉ የደከመ ሐምራዊ ነገር ይታይበት ነበር። አረንጓዴን አተኩሮ ያየ ዓይን አጠገቡ ያለውን ነጭ ወደ ተቃራኒው፣ ወደ ቀይነት አዘንብሎ እንደሚያየው ያኔ አላውቅም ነበር። ስምንት ወር ሙሉ ከዚያ ግድግዳ ጋር ኖሬያለሁ፤ እርስዎ በገባሁ ቁጥር ቅር ይለኛል ሲሉ የሚሰማዎትን አውቀዋለሁ።

መፍትሔው ጥቂት ቢጫ ያለበት ነጭ ነው። ቀለም ቤት ገብተው ክሬም ቢሉ ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ቢጫ ይሰጥዎታል፤ እንደ ቅቤ የሚመስለውን ይተውት። የሚፈልጉት የነጭ ጤፍ ዱቄትን መልክ ነው። ዱቄቱን በእጅዎ መዳፍ ላይ አድርገው መስኮት አጠገብ ቢያዩት፣ ነጭ ብለው የሚጠሩት ነገር ውስጥ ምን ያህል ሙቀት እንዳለ ያስተውላሉ። ባለሙያው በናሙናው መጽሐፍ ውስጥ ከዚያ ጋር የሚቀራረበውን ይፈልግልዎ፤ ሁለት የሚቀራረቡ ቀለሞችን መርጠው ከእያንዳንዱ ትንሽ ያስበጥብጡ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ሳይሆን ሁለት ሰፋፊ ካርቶኖች ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ ይቅቡ። ሲደርቅ ካርቶኖቹን ከካቢኔቱ በር አጠገብ አቁመው ያያይዙ። አግድም ያስቀመጡት ቀለም ከቆመው ይልቅ ብዙ ብርሃን ስለሚያገኝ ያታልላል፤ መቆም አለበት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ቀትር ላይ፣ ደግሞ ማታ 1 ሰዓት ላይ አዲሱ አምፖል በርቶ ይመልከቱት። ሦስቱንም ጊዜ ያላስከፋዎት ያ ቀለም የእርስዎ ነው።

የቀለሙ ዓይነት የሚታጠብና መጠነኛ አንጸባራቂነት ያለው ይሁን፤ ጭራሽ ፈዛዛ የሆነው የወጡን እንፋሎትና የቅባቱን ጤዛ ይጠጣል። ቀቢው ብሩሹን ከማንሳቱ በፊት ግድግዳው በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ። በዘይትና በበርበሬ የሰነበተ ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም በስድስት ወር ውስጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ስንጥቅ ካለ በስቱኮ ተሞልቶ ይስተካከል። ኮርኒሱንም በዚያው ቀለም ያስቀቡት፤ በጠባብ ክፍል ግድግዳና ኮርኒስ ሲለያዩ ክፍሉ ዝቅ ያለ ይመስላል።

ከምድጃውና ከሲንኩ በላይ ስለሚለጠፈው ሴራሚክ አንድ ነገር አጥብቄ እነግርዎታለሁ፤ ጌጥ ያለውን አይግዙ። አበባ፣ የፍራፍሬ ሥዕል፣ የተዥጎረጎረ ሞዛይክ ሁሉ ከጠንካራ አረንጓዴ ጋር ይሻማል። ግድግዳውን የሚመስል ወይም ከእሱ ጥቂት የሚደምቅ፣ ፊቱ የሚያንጸባርቅ አንድ ወጥ ሴራሚክ ይበቃል። መጠኑ ሰፋ ያለ ይሁን፤ መጋጠሚያው ባነሰ ቁጥር ማጽዳቱ ይቀላል። በመጋጠሚያዎቹ መካከል የሚሞላው ነጭ ከሆነ አልጫ ወጥ በሚሠራበት ቤት ሁለት ወር አይቆይም፤ እርድ ያረፈበት ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያስለቅቀው የለም። የአሸዋ ቀለም ወይም ሞቅ ያለ ግራጫ እንዲሞሉልዎ ለሠራተኛው አስቀድመው ይንገሩት።

የባለቤትዎን ሐሳብ በሁለት ምክንያት አልደግፈውም። በሮቹ ፊታቸው በላሚኔት፣ ማለትም በስስ ለስላሳ ልባስ፣ የተሸፈነ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ከሆኑ ተራ ቀለም አይዝላቸውም። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ተፍቀው፣ ለለስላሳ ገጽ በተሠራ ፕራይመር ተቀብተው፣ ከዚያ በኋላ ቀለሙ ካልተረጨ በስተቀር፣ በመጀመሪያ እጀታዎቹ አካባቢ፣ ቀጥሎ ሲንኩ ሥር ይላጣል፤ የተላጠ ነጭ ከሥሩ አረንጓዴ ሲያሳይ ደግሞ አሁን ካለው ይብሳል። ሁለተኛው ምክንያት እርስዎ ቀለሙን መውደድዎ ነው፤ በምትሠሩበት ክፍል ውስጥ የምትወዱትን ነገር መሸፈን ለእኔ አይዋጥልኝም። ሆኖም ባለቤትዎን ያሳሰባቸው ጨለማው ከሆነ፣ አምፖሉና ግድግዳው ከተስተካከሉ በኋላም ክፍሉ ከከበዳችሁ፣ መካከለኛ መንገድ አለ። የታችኛው ካቢኔት እንዳለ ሆኖ የላይኛው በሮች ብቻ ይለወጡ። አካሉ ሳይነካ ያው አናጺ በዚያው ልክ በግድግዳው ቀለም ወይም በፈካ የእንጨት መልክ አዲስ በሮች ሊሠራ ይችላል፤ ወጪው ካቢኔት እንደ አዲስ ከማሠራት በእጅጉ ያንሳል። አረንጓዴው ከወገብ በታች ሲቀር ክብደቱ ወደ ምድር ይወርዳል፣ ዓይን ያለበት ከፍታ ይከፈታል። በርን አስወግዶ ክፍት መደርደሪያ ማድረግን ግን አልመክርም። ቁሌት በሚቁላላበት ቤት ክፍት መደርደሪያ ላይ ያለ ብርጭቆ በሳምንቱ ይጣበቃል፤ በየቀኑ ለሚነሱት ስኒዎች የምትሆን አንዲት አጭር መደርደሪያ ከበቂ በላይ ናት።

ጠባብ መሆኑ ራሱ እንዳያስጨንቅዎት። እ.ኤ.አ. በ1926 ኦስትሪያዊቷ አርክቴክት ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ ለፍራንክፈርት ከተማ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የነደፈችው ዝነኛ ወጥ ቤት ወርዱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ ከተሠሩት ብዙዎቹም ካቢኔታቸው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጠንካራ ሰማያዊ ነበር። ጠንካራ ቀለም ጠባብ ክፍልን የሚያፍነው ብዙ ዓይነት ሲሆንበት ነው።

እጀታውን በተመለከተ ብልጭልጭ ወርቃማውን ትተው ደብዘዝ ያለ የነሐስ መልክ ያለውን ይምረጡ፤ ከወይራ አረንጓዴ ጋር እንደ እሱ የሚስማማ አላየሁም። ጥቁር እጀታ ግራናይቱን ስለሚደግም ለእርስዎ ቤት ይከብዳል። ወደ መርካቶ ከመሄድዎ በፊት አሁን ባሉት እጀታዎች ላይ ከአንዱ ብሎን መሀል እስከ ሌላው ብሎን መሀል ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ይለኩ። አብዛኛውን ጊዜ 96፣ 128 ወይም 160 ነው። በዚያው ልክ ከገዙ አዲስ ቀዳዳ መብሳት፣ አሮጌውን መድፈን አይኖርም።

ስለ እናትዎ አስተያየትም አስቤበታለሁ። የፒያሳና የአራት ኪሎ አሮጌ የእንጨት በሮችና መስኮቶች፣ የግቢ ቆርቆሮዎች፣ ብዙዎቹ አረንጓዴ ነበሩ፤ እናትዎ ያስታወሱት እሱን ነው፣ ልክም ናቸው። ነገር ግን እኚሁ እናትዎ ሌላም አረንጓዴ ያውቃሉ። በዓል ሲሆን ቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ በላዩ ላይ ረከቦት ይቀመጣል፤ የጀበናው ጥቁር ሸክላ፣ የስኒዎቹ ነጭ፣ የሰፌዱ የስንደዶ መልክ በዚያ ለምለም ላይ እንዴት እንደሚያምር የማያውቅ የለም። ለወጥ ቤትዎ የምመኘው ይህንኑ ስምምነት ነው፤ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ የሞቀ ነጭ፣ ሸክላና ስንደዶ። ጥቁሩ ግራናይት የጀበናውን ቦታ ይዟል። የጎደሉት ነጩና ስንደዶው ናቸው። ነጩን ግድግዳው ያመጣዋል። ለስንደዶው ቀለም ያልገባበት አንድ ሰፊ ሰፌድ በባዶው ግድግዳ ላይ ይስቀሉ፤ የእንጨት መክተፊያዎን ግራናይቱ ላይ ግድግዳውን ደገፍ አድርገው ያቁሙት። ቀይ ነገር አንድ ብቻ ይኑር፤ የበርበሬው ብልቃጥ በቂ ነው፣ አረንጓዴ አጠገብ ሲቀመጥ ከየትኛውም ርቀት ዓይን ይስባልና። ጤና አዳም ወይም በሶብላ በጣሳ ተክለው ለማስቀመጥ ካሰቡ፣ ፀሐይ ስለሚፈልጉ ወጥ ቤቱ ውስጥ ይመነምናሉ፤ ጎረቤት ካልተቸገረ ከመስኮቱ ውጭ መተላለፊያው ላይ ይሁኑ፣ ከውስጥ በመስታወቱ ይታይዎታል።

አንድ ነገር ሳልጠይቅዎት እንዳልቀር። እንጀራ በቤትዎ የሚጋግሩ ከሆነ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ከላይኛው ካቢኔት ሥር አይቀመጥ። አክንባሎው በተከፈተ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎት በቀጥታ የበሮቹን የታችኛ ጠርዝ ይመታል፤ ኤምዲኤፍ በጠርዙ ውሃ ከገባበት ያብጣል፣ ያበጠ ደግሞ አይመለስም። በረንዳ ካለዎት እዚያ ይጋግሩ። አሁኑኑ ጣትዎን በሲንኩ ሥር ባሉት በሮች የታችኛ ጠርዝ ላይ አድርገው ያስኪዱት፤ የሻከረ ወይም ከፍ ያለ ቦታ ካገኙ ቀለም ከመቀባትም በፊት አናጺው መጥቶ ጠርዙን እንደገና ያልብሰው።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይጀምሩ። አምፖሉንና የካቢኔት ሥሩን መብራት በዚህ ሳምንት ያስገጥሙ፤ ከዚያ አንድ ሳምንት ሙሉ ሌላ ነገር ሳይነኩ ምግብ ይሥሩበት። ካርቶኖቹን የሚያቆሙት ከዚያ በኋላ ነው፤ በአሮጌው አምፖል የተመረጠ ቀለም በአዲሱ ሥር ሌላ ይሆናልና። የላይኛው በሮች ይለወጡ አይለወጡ የሚለውን ደግሞ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ፣ ከባለቤትዎ ጋር ማታ መብራቱን አብርታችሁ በሩ ላይ ቆማችሁ ወስኑ። እናትዎንም ያን ቀን ቡና ይጥሩልኝ።